ማንን ጃዝ አልኩ?

ባለፈው ሳምንት ሬዲዮ ከፍቼ ሽንኩርት ስከትፍ የአቶ መኮንንን ድምፅ ሰማሁ። ስሜን ጠርቶ «ያቺን ልጅ ያበረታታኋት እኔ ነኝ» አለ። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ አልለውም። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት የምናገረው አጥቼ አይደለም። አሁን ግን ዝም ካልኩ የእሱ ወሬ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ጅጅጋ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፍኩ እኖር ነበር። የምሠራው ኤዶ ሳፊያ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ናት፤ እኛ ሰፈር ግን ለእናት እኩያ ሁሉ እንልበታለን። የግመል ወተት ሻይዋ ሄል ሄል ይሸታል። በበጋ ነፋሱ የቶጎጫሌን መንገድ አቧራ እያመጣ እርጥብ ቀለሜ ላይ ይበትነዋል፤ የዚያን ጊዜ ሥራዎቼ ዛሬም ሲዳሰሱ ይሻክራሉ።

አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ካሴት ረስቶ ሄደ። ዘፋኝ የለበትም፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ጃዝ» ተብሎ ተጽፏል። ጥሩምባው ዜማውን ይጀምርና ይተወዋል፤ ዞሮ ዞሮ ያላሰብኩት ቦታ ያገኘዋል። ፊደል ብቻ የለመደ እጄ መስመር መልቀቅ ጀመረ። ሸራ ላይ የጥሩምባውን ድምፅ ቢጫ፣ ከሥሩ የሚያጉረመርመውን የወፍራም ክር ድምፅ ሰማያዊ አደረግኩት። ሰው የለበት፣ ግመል የለበት። ከታች «ጃዝ» ብዬ ጻፍኩበት።

ለበዓል ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ወደ ከተማው አዳራሽ ወሰድኩት። ሥዕሌ ከዚያ በፊት የትም ተሰቅሎ አያውቅም። አቶ መኮንን የዝግጅቱ ኃላፊ ነበር። እንግዶች ፊት ቆሞ ርዕሱን አነበበ።

«ማንን ነው ጃዝ የምትዪው?»

«ሙዚቃ ነው፣ ጋሼ።»

«ውሻ የሚለቀቅበት ቃል ሙዚቃ ሆነ?»

ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ እንደ ውሻ ጮኸ።

«‹የገበያ ቀን› ብለሽ ጻፊበትና ይሰቀል። ካልሆነ አውጪልኝ።»

«ገበያው የታለ?»

«ውሻውስ የታለ?»

ብሩሽ አቀበለኝ። አልተቀበልኩትም። ሸራዬን ተሸክሜ በዋናው መንገድ ወጣሁ፤ ነፋሱ ወደ ኋላ እየጎተተኝ፣ የሳቁብኝ ሰዎች በር ላይ ቆመው እያዩኝ።

ኤዶ ሳፊያ ሥዕሉን ተቀብላ አገላበጠችው።

«ዓይን አለው?»

«የለውም።»

«እግርስ?»

«ነፍስ ያለው ነገር የለበትም፣ ኤዶ።»

«ታዲያ ምን ጎደለው? የምሰግድበት ክፍል ይሰቀላል። ከቢሮ የሰጡኝ ካላንደር እኮ ነብር አለበት፤ በሰገድኩ ቁጥር ወደ ግድግዳ እያዞርኩት!»

እስክትሞት እዚያ ተሰቅሎ ኖረ። ከዚያ ልጇ መልሳ አመጣችልኝ።

በሚቀጥለው ወር በዚያው አዳራሽ ሥራዎቼ ይታያሉ። ሪባኑን የሚቆርጠው አቶ መኮንን ነው አሉ። ይቁረጥ። በሩ ፊት ለፊት የሚያገኘው ያንኑ ሥዕል ከነርዕሱ ነው። ያኔ ማንንም ጃዝ አላልኩም። ዘንድሮ ‹ጃዝ ያለችው እኔን ነው› ብሎ ከጠረጠረ ግን አላስተባብልም።