አባቴ የቆፈረው ጉድጓድ

ከቧንቧው የክሎሪን ሽታ ሲመጣ ልጆቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ ብርጭቆዬን ሞልቼ እጠጣለሁ። እንዴት እንደሚያስችለኝ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው? እኔን የሚያስፈራኝ ምንም የማይሸተው ነው።

ጋምቤላ ገና ክልል የሆነች ሰሞን ነው። ከከተማው ወጣ ባለ መንደር፣ ሰፋሪዎች ወደ ደጋ ሲመለሱ ጥለውት የሄዱት ቤት ውስጥ ገብተን እንኖር ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ውሃ የምቀዳው እኔ ነበርኩ፣ ከባሮ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ጭቃ ይመስላል፤ እናቴ አዝቅጣ፣ በነጠላ አጥልላ፣ አፍልታ ታጠጣናለች። መንገዱ ሩቅ፣ ጄሪካኑ ከባድ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ባሮን ጠላሁት፣ እውነቴን ነው።

አባቴ ደገኛ ነው፤ ከመሬት የሚወጣ ውሃ ለሱ እንደ ጠበል ነው። ከጓሯችን ጥግ አፈሩ ለስለስ ያለ ቦታ አገኘና ቆፈረ። ጥርት ያለ ውሃ ወጣለት። ቀድሞ ቀምሶ፣ ልክ እንደ አገሬ ምንጭ ነው ብሎ ሳቀ። ጣፈጥ ይል ነበር፣ አልዋሽም። አፍልተን እንጠጣው ያለ ሰው የለም፤ የጠራ ውሃ ማን ያፈላል?

ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታችን የአኙዋክ ሴት አጥር ሥር ጠራችኝ።

«እዚያ በሬ ቀበሩ» አለችኝ። «በፊት እዚህ የነበሩ ሰዎች። ገንዲ በሽታ የገደለው፣ ብዙ በሬ። ውሃው ጥሩ አይደለም። ለአባት ንገሪ።»

እሺ አልኳት። አልነገርኩም። ብናገር ነገ ጄሪካን ተሸክሜ ባሮ ነኝ። እናቴም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ትል የለ?

ትንሹ ወንድሜ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከጀርባዬ አይወርድም። ውሃ ሲለኝ ከጉድጓዱ ቀድቼ በጣሳ እሰጠዋለሁ፣ አገጩን እስኪያርሰው ይጠጣል። ተቅማጡ ሲጀምረው ጥርስ እያወጣ ነው አልን። ከተማ ጤና ጣቢያ ስናደርሰው ጤና ረዳቱ የምንጠጣው ምን እንደሆነ ጠየቀ። አባቴ ስለ ጉድጓዱ በኩራት ነገረው። ሰውየው አንገቱን ደፋና፣ ጠራ ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም አለ። ወንድሜ በአራተኛው ቀን ሞተ።

አላለቀስኩም። የታዘለበትን አንቀልባ አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣሁ። አኙዋኳ ጎረቤታችን ለልቅሶ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አየችኝ፣ ለማንም ምንም አልተነፈሰችም። አባቴ ጉድጓዱን ብቻውን ደፈነው። ከዚያ በኋላ መሬት ለመቆፈር ዶማ ሲያነሳ አላየሁትም።

አምና አባቴ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ እጄን ያዘ።

«ልጄን በገዛ እጄ ነው የገደልኩት» አለኝ። «አንቺ እንኳ ይቅር በይኝ።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ደክሞት ነበር፣ ዓይኑ ተከድኗል።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ አባዬ» አልኩት።