የምሥራቁ ጥግ ጭቃ

ባርባ አዴልሞ ደግ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወራው ስለሚያሳፍር ነው። ባርባ እኛ የጎሮ መንደር ሰዎች ሽማግሌን አክብረን የምንጠራበት ነው፤ አጎቴ እንደማለት።

ከባሕሩ በአሸዋ በተከለለው ጥልቀት የለሽ ውሃችን ውስጥ ሃምሳ ዓመት ቮንጎላ ለቅመዋል። ቮንጎላ ሁለት ቅርፊት የገጠመች፣ ከፓስታ ጋር የምትበላ የጭቃ እንስሳ ናት። ባርባ ጭቃውን በጣታቸው አሽተው፣ አሽትተው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገሩ ነበር። ዶክተር ፉልቪያ የውሃውን ወለል ማጥናት ስትጀምር እሳቸውን የመረጠችው ለዚህ ነው።

በየመስከረሙ ከስድስት ቦታ አንዳንድ ባልዲ ጭቃ ያመጡላታል። እሷ በወንፊት አጥባ ትሉን፣ ቀንድ አውጣውን፣ ሸርጣኑን በየዓይነቱ ትቆጥራለች። ዓይነቱ ከበዛ ወለሉ ጤነኛ ነው፤ አንድ ዓይነት ትል ብቻ ከወረረው ግን ጭቃው ታፍኗል ማለት ነው። «የትል እመቤት» እያልን ብናሾፍባትም፣ የቮንጎላ ዘር የምንበትነው የእሷን ቃል ሰምተን ነው።

አምና ስለ ምሥራቁ ጥግ «ሠላሳ አንድ ዓይነት እንስሳ አለው፣ ደኅና ነው» አለች። ባሌ ሪኖ በሽርክና የያዝነውን የአራት ቤት ዘር በሙሉ እዚያ በተነ። በሐምሌ፣ በበጋችን ሙቀት፣ ውሃው ነጣ፣ ከዚያ ሸተተ። ከወለሉ ጭረን ያወጣነው ሁሉ አፉን የከፈተ ባዶ ቅርፊት ሆነ። የአራት ቤት ልፋት አፈር ድሜ በላ።

በቮንጎላ ለቃሚዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ዶክተሯን አፋችን እንዳመጣ ሰደብናት። የባስኩት እኔ ነበርኩ።

«ትሉን ትተሽ መጀመሪያ የራስሽን ጣት መቁጠር ተማሪ!» አልኳት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እሷ መነጽሯን አወለቀች። «የት ላይ እንደተሳሳትኩ አላውቅም። ምናልባት ዓይኔ ደክሞ ይሆናል። ጥናቱን ለሌላ ሰው አስረክባለሁ» አለች።

ይሄኔ ባርባ አዴልሞ ከኋላ ተነሡ። ፊታቸው ደም መስሏል።

«ዓይንሽ ደኅና ነው ልጄ። ምሥራቁ ጥግ አልሄድኩም።»

«ምን ማለትዎ ነው ባርባ?» አለ ሪኖ።

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ። እዚያ ጀልባ አይደርስም፤ ግማሽ ሰዓት ጭቃ ውስጥ እየሰመጡ መሄድ ነው። ከጎጆዬ ሥር፣ ውሃው ከሚሮጥበት ጤነኛ ቦታ ጭቃ ዛቅሁና ባልዲው ላይ የምሥራቅ ብዬ ጻፍኩበት።»

«አንድ ቃል ቢነግሩኝ እኔ አልሄድልዎትም ነበር?» አለ ሪኖ።

«አፈርኩ። ሽማግሌው አለቀለት እንዳትሉኝ።»

ልጮህባቸው ተነሣሁ፤ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሴትዮዋ ላይ ሰውን ያሳቅኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዶክተር ፉልቪያ መዝገቧን ገለጠች። «አምና ብቻ ነው?»

ባርባ አንገታቸውን ደፉ። «አራት ዓመት ነው።»

አልተቆጣችም። ማስመሪያ አውጥታ ስለ ምሥራቁ ጥግ የጻፈችውን በየዓመቱ እየፈለገች ሰረዘች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከእነሱ በፊት የነበረው አምስተኛው ዓመት ላይ እጇን አቆመች።

«ይሄስ ባርባ?»

«እሱ እውነት ነው። በእናቴ አጥንት፣ ያኔ ሄጃለሁ።»

ትኩር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ማስመሪያውን አስተካክላ እሱንም ሰረዘችው።