በሬ አልሞተም ያሉኝ ሰዎች

የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ተስፋዬ ቁጭ በል እንኳ አላሉኝም። የጎማ ቦቲና ጓንት ሰጡኝና፣ "ከማጂ መንገድ ወረድ ብሎ ሸለቆው ውስጥ ባለችው መንደር በሬ ሞቷል ተብሏል። ሄደህ እይ። ባፍንጫው ደም ወጥቶ ከሆነ አባሰንጋ ነው፤ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ሬሳውን እንዳትከፍተው" አሉኝ።

"የሚቀበለኝ ሰው አለ?"

"እነሱ ሰው አይቀበሉም።"

ሞተሩን መንገድ ዳር ካለ ቤት አቁሜ በእግሬ ወረድኩ። ሸለቆው ውብ ነው። ከገደሉ ፏፏቴ ይወርዳል፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ቡና፣ ከቤቶቹ ጀርባ እንሰት። ሰላም ስል ግን ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ገቡና በር ዘጉ።

የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ያዕቆብ በአማርኛ አነጋገሩኝ።

"እዚህ የሞተ በሬ የለም። ማን ነገረህ?"

"ቢሮ ነው የላከኝ።"

"ቢሮው እኛ ጋ ጆሮ አለው ማለት ነው" አሉና ወደ ሰዎቹ ዞረው አንድ በአንድ አዩዋቸው።

እኔም ማየት ጀመርኩ። ውሾቹ ጠግበው ተዘርረዋል፤ የሚጮኽብኝ እንኳ የለም። ባንዱ በር በኩል ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ሥጋ ታየኝ። በዓል አይደለ፣ ሠርግ የለ።

"ዶክተር፣ ዝናብ ሳይመጣብህ ውጣ" አሉኝ አቶ ያዕቆብ። ዶክተር አይደለሁም፤ እዚያ ግን መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው።

ልሰናበት እጄን ስዘረጋ የሽማግሌው ታናሽ ወንድም ዳዊት ግራ እጁን ሰጠኝ። ቀኙን በጋቢ ሸፍኗል።

"እጅህን ምን ሆንክ?"

"ገጀራ ነው።"

"ልየው?"

"አንተ የከብት ሐኪም ነህ። እኔ ከብት ነኝ?"

ሰዉ ሳቀ። ሚስቱ ማርታ ግን አልሳቀችም። መጥታ ጋቢውን ገለጠችው። ክንዱ አብጧል፤ መሐሉ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል አለ።

"ያምሃል?"

"ምንም።"

አለማመሙ ነው ያስደነገጠኝ። የአባሰንጋ ቁስል እንደዚያ ነው።

"በሬውን የገፈፈው እሱ ነው" አለች ማርታ። "ሥጋውንም ተካፍለናል።"

አቶ ያዕቆብ በቋንቋቸው ተቆጧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ባለፈው ከብት ሲሞትብን እውነቱን ተናገርን። ከብታችሁ ገበያ አይወጣም ተባልን። ክትባት ይመጣል እንደተባለ ክረምቱ ገባ። አሁንም ልታዘጋብን ነው?"

"አዎ፣ ክትባቱ እስኪያልቅ ይዘጋል። ሥጋውም ይቃጠላል።"

"ወስዶ ሊበላው ነው" አለ አንዱ፣ እንድሰማው በአማርኛ። ከኋላዬ ማን እንደቆመ ዞሬ አየሁ።

ማርታ ገብታ ድርሻዋን አመጣችና እግሬ ሥር ጣለችው። ሌሎቹም እያጉረመረሙ አመጡ። ጉድጓድ አስቆፍሬ አቃጥለን ቀበርነው።

"የቀረ አለ?" አልኩ።

"የለም" አሉ አቶ ያዕቆብ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። አላመንኳቸውም። ቤታቸውን ልይ ብል በሩ ላይ ቆሙ። "እንግዳ ቤቴን አይበረብርም።"

ሥጋውን የበላ ሁሉ ጤና ኬላ ሄዶ እንዲታይ ነግሬ፣ ዳዊትን ሞተሩ ላይ ከኋላዬ አፈናጥጬ ሚዛን ተፈሪ ሆስፒታል አደረስኩት። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ "ለፖሊስ ነው የምትሰጠኝ?" አለኝ። መድኃኒት ሲጀመርለት ነው ያመነኝ። ዳነ።

ገበያው ተዘጋ። ክትባቱ በስንት ጭቅጭቅ ተገኝቶ ስመለስ ማርታ ቁልቁለቱ ላይ አገኘችኝ።

"ጋሼ ያዕቆብ አረፉ። ሆዳቸውን ታመው ነው። ጤና ኬላ እንሂድ ብንላቸው፣ 'እኔ መታመሜ ከተሰማ ገበያው ጭራሽ አይከፈትም፤ ምንም አልበላሁም' አሉ። ሥጋውን ጣራ ሥር አገኘነው።"

የእሳቸውን ላሞች ስከትብ ቀንዳቸውን የያዘልኝ ዳዊት ነው።

ለአዳዲስ ቴክኒሻኖች ይህን እነግራለሁ። ሰው የሞተ ከብት ሲደብቃችሁ፣ ቢናገር ምን እንደሚያጣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ገበያ የምታዘጉ ከሆነም ክትባቱን በዚያው ሳምንት አድርሱ።