በሰሌን የጠቀለልኩት ቤዝ ጊታር

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብለው ቄሱ ሲጠይቁኝ ነው የገባሁበት ጉድ የታየኝ።

ሚኒባሱ ሲሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ ይበራል። ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጫለሁ። ጭኔ ላይ በሰሌን የተጠቀለለ፣ ሦስት ቦታ በገመድ የታሰረ፣ ቁመቱ የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ የሚያህል ነገር ታቅፌአለሁ። ቄሱ አጠገቤ ናቸው፤ የእጅ መስቀላቸውን አውጥተዋል። ስሙን የፈለጉት ለፍትሐት ነው። ሚኒባስ ሙሉ ሰው ያዝናል። ሰሌኑ ውስጥ ያለው ግን ቤዝ ጊታር ነው።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ጊታር መምታትም አልችልም። ባሌ ግን ሠርግ ላይ ቤዝ ይመታ ነበር፤ ሲያርፍ አንዲት ሴት ልጅና ሁለት ቤዝ ትቶልኝ ሄደ። አንዱን ልሽጥ ብዬ ባወጣ ሦስት ፈላጊ በሬ ላይ ተጋፋ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ይኸው ሆነ፤ ከወልድያ እገዛለሁ፣ አጸዳለሁ፣ ልጄ ትሞክረዋለች፣ ለሐብሩ የሠርግ ባንዶች እሸጣለሁ።

ይህን ሥራ የያዘ ሰው የሰው ጠባይ ይማራል። ሻጭ ሁሉ ይምላል። «አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም፤ ከሚስቴ በላይ ነው የምንከባከበው» ይለኛል፤ ዞር አድርጌ ሳየው ጠርዙ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል። ሚስቱን አይቻት አላውቅም፤ ግን አዘንኩላት። ገዢም ያው ነው። ያልተቃኘውን ከተቃኘው መለየት የማይችለው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ነው። ነው እለዋለሁ፤ ኦሪጅናል አይደለም የተባለ ቤዝ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀጥሎ «ቀይ የለሽም ወይ? ቪዲዮ ላይ ቀይ ያምራል» ይላል። ድምፁን የሚጠይቀኝ በዓመት አንድ ሰው ቢገኝ ነው። ሠርግ ላይ ቤዙን ማንም አያየውም፤ የጠፋ ቀን ግን ሰው ሁሉ እግሩ ይጠፋዋል።

አያያዙን ያስተማረኝ ባሌ ነው። ክሮቹ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋሉ፤ የሙዚቀኛ ላብ ብረት ይበላል። አንገቱን አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየዋለሁ፤ ቀጥ ማለት አለበት። ፀሐይ አይነካውም፤ የመርሳ ሙቀት ለሰውም ለእንጨትም አይመችም። ለመንገድ ደግሞ ክሮቹ በመጠኑ ብቻ ይላላሉ፤ ጨርሰው ከላሉ አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። በፕላስቲክ አይጠቀለልም፣ ያልበዋል። ቦርሳ ከሌለው ከውስጥ ጋቢ ከላይ ሰሌን ይለብስና ሦስት ቦታ ይታሰራል፤ ራሱ ጋ፣ ወገቡ ጋ፣ ግርጌው ጋ። እንደዚህ ሲታሰር የትም አይንቀሳቀስም። ሬሳም እንደዚሁ እንደሚታሰር እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ ብዬ አላውቅም።

የዚያን ቀኑ ቤዝ ቦርሳ አልነበረውም። የሸጠልኝ ልጅ ሙዚቃ ትቶ ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ኖሮ ቦርሳውን ቀዶ የባጃጁን ወንበር አልብሶታል። እኔም እንደ ልማዴ ጠቅልዬ፣ አስሬ፣ ታቅፌ ወልድያ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ «እናት፣ እሱ ጣሪያ ላይ ይወጣል» አለኝ።

«ጣሪያ ላይ አይወጣም!» አልኩ። እኔ ፈሪ ነኝ። ባጃጅ እፈራለሁ፣ የማላውቀው ስልክ ሲጠራ እፈራለሁ፤ ስፈራ ደግሞ ድምፄ የለቅሶ ይሆናል። ረዳቱ ሰሌኑን አየ፣ ገመዱን አየ፣ ፊቴን አየ። ቆቡን አወለቀ። «ይቅርታ እናቴ፣ አይዞሽ፣ ፊት ግቢ» ብሎ ክንዴን ደግፎ አስገባኝ። ወልድያ እንዴት ሥልጡን ሆናለች አልኩ በሆዴ።

ኬላው ጋ ስንደርስ ፈታሾቹ ሹል የብረት ዘንግ ይዘው ቆመዋል። ጆንያ ባዩ ቁጥር ይወጋሉ፤ ውስጡ እህል ብቻ መሆኑን የሚያውቁት በዚያ ነው። አንዱ አንገቱን አስገብቶ ዘንጉን ወደ ጭኔ ቀሰረና «ይሄስ?» አለ።

አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ ያለች ሴት ጮኸችበት። «አንተ! ሬሳ ይወጋል? እናት የለህም?»

ሰውዬው ዘንጉን ከጀርባው ደበቀ። «ይቅርታ፣ አላየሁም። እለፉ፣ እለፉ።»

ሬሳ አይደለም ማለት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። ዘንጉን አሰብኩ፣ ቤዙን አሰብኩ፣ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሐዘን አደረጉት። ሾፌሩ ዘፈኑን አጠፋ፤ የሚያሳዝነው፣ የዘፈኑ ቤዝ ጥሩ ነበር። ከኋላ ምክክር ተጀመረ። አንዱ «ወባ ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ኩላሊት ነው፤ አጎቴን የገደለው ራሱ ነው» አለ። ሦስተኛው በሹክሹክታ «ዘግይታ ወስዳው ነው የሚሆነው» ብሎ በኔ ፈረደ። ያቺ ሴት ወደ ፊት ጎንበስ ብላ «እድርሽ የትኛው ነው እህቴ?» ስትለኝ አፌ ቀደመኝ። እድር ሲጠየቅ ማን ያስባል? ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ እድሩ ዘንድ ደወለች። የቄሱ ጥያቄ የመጣው ያኔ ነው።

አሁን ምን እንደፈራሁ ልናገር። ባሌን የቀበረልኝ ያ እድር ነው። ድንኳን ተክሎ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ሦስት ቀን አብሮኝ ተቀምጦ ነው እኔን ሰው ያደረገኝ። በጊታር ቀለደችብን ብሎ ቢሰርዘኝ እኔን ማን ይቀብረኛል? ብዙ ነገር እፈራለሁ፤ ከሁሉ የምፈራው ግን የሞትኩ ቀን ጥሩምባ የሚነፋልኝ ሰው ማጣትን ነው።

ቄሱ መልስ ይጠብቃሉ። መስቀል ፊት መዋሸት አልሆነልኝም። «ክርስትና አልተነሳም አባ» አልኩ። እውነቴን ነው።

ሚኒባሱ በሙሉ «ውይ!» አለ። ያቺ ሴት ደረቷን መታች። ቄሱ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ጊዜ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሼህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ አይዞሽ፣ የአላህ ነው። ሕፃን ምን ኃጢአት አለበት? ወላሂ እኛ ጋ ቦታ አለ፣ እዚያ ይረፍ።»

«ኧረ ሼህ፣ እኔ እያለሁ!» አሉ ቄሱ። «ከቅጥሩ ሥር አንዲት ቦታ አላጣለትም።»

«እርስዎ ሥርዓት ያስቸግርዎታል አባ፤ እኛ እናግዝዎ ብለን ነው።»

«አይሆንም፣ ሸክሙ የኛ ነው።»

«ኧረ በአላህ!»

እንዲህ በደግነት ሲሟገቱ፣ የኔን ቤዝ ማን እንደሚቀብር ሳይወሰን መርሳ ታየ። «አባ፣ አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። «አትናገሪ ልጄ» አሉኝ፤ «ሐዘኑ ይቅለልሽ፣ አልቅሺ።» እኔም አለቀስኩ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም።

በኋላ ልጄ እንደነገረችኝ፣ የእድሩ ሰዎች የድንኳን ገመድ ከአጥራችን ጋር ሲያስሩ እሷ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ወጥታ «ማን ሞተ?» ትላለች። ድንኳን ተካዩ አያትና ይቆጣል። «አንቺ ነሽ የሞትሽው የተባለው! ምነው ቀደም ብለሽ ብትናገሪ?» አንድ ልጅ እንዳለኝ ሰፈሩ ያውቃል፤ እሷ ደግሞ ሳሙና በእጇ ይዛ ቆማለች። ታዲያ ሬሳው የማን ነው? ይህን ለመፍታት ሰፈሩ ብዙ አልፈጀበትም። «ለካ በየወሩ ወልድያ የምትመላለሰው ወዳ አይደለም!» ተባለ። እኔ መርሳ ስገባ የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ ነበረኝ፤ አባቱንም አግኝተውለታል፤ ጎማ ነጋዴ ነው አሉ።

ከሚኒባሱ ስወርድ ተሳፋሪው በሙሉ አብሮኝ ወረደ። መርሳ ወራጅ ያልሆኑት እንኳ ወረዱ፤ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ተከተለ። የእድራችን ዳኛ ከፊት መጥተው ከእቅፌ ተቀበሉኝ፤ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«ቀለል ይላል» አለ ያኛው።

«ታሞ ከርሟላ!» አሉ ዳኛው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ፣ ጥሩምባው ከፊት፣ እኔ መሐል። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የሚሸጡት ተነሥተው ቆሙ። አንድ ጊዜ «እባካችሁ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ብብቴ ሥር ገብተው «አይዞሽ የኔ እናት» እያሉ አነሡኝ። እግሬ መሬት አልነካም።

በሬ ላይ ስንደርስ ዳኛው ሰሌኑን ሲያስተካክሉ ክንዳቸው ጠበቅ አድርጎ ጫነው። ከውስጥ፣ ከሰሌኑና ከጋቢው ሥር፣ ወፍራሙ ክር «ዱምምም» አለ።

ሰልፉ ቀጥ አለ። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ከአፉ አወረደ።

«ሰማችሁ?»

«አቃሰተ!»

«አለ! ልጁ አለ! ፍቱት፣ ቢላ አምጡ!»

አግዳሚ ወንበር ላይ አጋደሙት። ቢላው ሲመጣ አየሁ። ገመዱን ሲቆርጥ ክሩንም ይቆርጣል፣ እንጨቱንም ይፍቃል። ዘልዬ ላዩ ላይ ተኛሁበት። «በቢላ እንዳትነኩት! ሰው አይደለም! ቤዝ ጊታር ነው!»

ቢላ የያዘው ሰው እጁን መለሰ። ቀጥሎ ያቺ የሚኒባሷ ሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ በቀስታ «ውይ ውይ፣ አእምሮዋን ነሳት» አለች።

«ያዟት!»

«ጸበል አምጡ!»

መከራዬን አያችሁ? ዝም ስል አመኑኝ፤ እውነቱን ስናገር አበድኩ። የመጣው ጸበል ግማሹ ፊቴ ላይ፣ ግማሹ ሰሌኑ ላይ ፈሰሰ። ማበዴን ትቼ «ኧረ በሞትኩት፣ ሽቦ አለው፣ ውኃ አይነካውም!» ስል ጭራሽ ባሰባቸው።

ልጄ ሰዉን እየገፋች መጣች። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «እማዬ፣ ቤዙን ነው ያመጣሽው?» ብላ የራሱን ገመድ ፈታች፣ ጋቢውን ገለጠች። አራቱ መቃኛ ቁልፎች ፀሐይ ላይ ብልጭ አሉ።

ዳኛው አዩ። ቄሱ አዩ። ሼሁም በቄሱ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩ። አንዲት ጎረቤቴ «ታዲያ ልጁስ?» አለች።

«የቱ ልጅ?» አልኩ።

«የጎማ ነጋዴው።»

ከሰዉ ፊት ላይ ደስታ ይነበባል ብዬ ጠብቄ ነበር። ግማሹ ቅር ብሎት ነበር፤ ድንኳን ተካዩማ በግልጽ ተናደደ።

ዳኛው የመተዳደሪያ ደንቡን መዝገብ አስመጡ። ቆመው ገለጡ፣ መልሰው ገለጡ። «የአባል ልጅ ሲሞት ይላል፣ ወላጅ ሲሞት ይላል። ሬሳው ጊታር ሆኖ ሲገኝ የሚል አንቀጽ የለም» አሉ። ከኋላ አንዱ «እንግዲያው ትሰረዝ!» አለ። ሌላው ደግሞ «በምን አንቀጽ?» አለው።

ተነሣሁ። «ሬሳ ነው አላልኩም» አልኩ። «ዝም ነው ያልኩት። ዘንጉን ፈርቼ ነው። ዝም በማለቴ አጥፍቻለሁ፣ ቅጡኝ። ባሌን የቀበራችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ እኔንም የምትቀብሩኝ እናንተው ሁኑ። አትሰርዙኝ።»

ማንም አልሳቀም። ቄሱ ወደ ዳኛው ዞሩ። «እኔም ሰሌኑን ሳልገልጥ ነው ፍትሐት ላደርስ የተነሣሁት፤ ከቀጣችሁ እኔንም ጨምሩኝ። የንስሐ ስግደቱን ነገር ከሷ ጋር እንነጋገራለን።» ሼሁ ጢማቸውን ይዘው ይስቃሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ ሕፃን የለም! እናንተ ሰዎች፣ ከዚህ ሌላ ምን ፈለጋችሁ?»

ዳኛው መዝገቡን ዘጉ። «አትሰረዝም» አሉ። «ግን ከዛሬ ጀምሮ ጊታር ይዘሽ ስትመጪ ራሱ ተገልጦ ይግባ። ጻፍ» ብለው ጸሐፊውን አዘዙት። ይህ አንቀጽ ዛሬም ደንባችን ላይ አለ።

ድንኳን ተካዩ ብቻ «እንዲያው በከንቱ ተከልን» እያለ ችካሉን ይነቅላል። ልጄ ቤዙን ሳትቃኘው ታቅፋ አንድ ሁለቴ መታችው። ድንኳን ተካዩ ገመዱን እየጠቀለለ እግሩ መሬቱን መታ መታ ሲያደርግ አየሁት፤ እኔ ሳየው ተወ።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የጸበሉን ጠብታ በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ልጄ ጓሮ የተወችውን ልብስ ልትጨርስ ሄዳ ስታንጎራጉር ይሰማኛል። ስሜ እድሩ መዝገብ ላይ አለ። ቤቴ ገብቻለሁ፤ ደህና ነኝ።