አዶዮና ቢጫው ካርድ

በመንገደኞች መውጫ በኩል አየር መንገዱ በሰቀለው ትልቅ ፎቶ ላይ ያለችው ሴት አዶዮ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ናይሮቢ የሚመጣ የሚሄደው ሁሉ ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ «በክንፋችን ሥር አንድም አውሬ አይሰረቅም» የሚለውን አንብቦም ልቡ ይነካል። ቀይ ባርኔጣ ያደረገችው ልጅ ከማስታወቂያ ድርጅት የመጣች ናት። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ግን በሕይወቷ ጆንያ ነክታ አታውቅም።

ጆንያውን የነካችው አዶዮ ናት። እኔ ሙሲሊ እባላለሁ፤ ኤምባካሲ ባለው የአውሮፕላን ማረፊያው የዕቃ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

አዶዮ ከሐይቁ ዳር፣ ከምቢታ የመጣች የሉዎ ሰው ናት። «ኛር ምቢታ» እንላታለን፣ የምቢታ ልጅ ማለታችን ነው። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋለች፤ ስትስቅ መጋዘኑ ይሰማል፣ ስትቆጣ ደግሞ አውሮፕላን ማቆሚያው ድረስ ይሰማል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዕቃ ወደ አውሮፕላን ከመግባቱ በፊት አይታ «ተቀብያለሁ» ብላ የምትፈርመው እሷ ናት። እሷ ካልፈረመች ዕቃው አይበርም። ራሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳፍራ አታውቅም፤ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚባለው ይኸው ነው። ደግሞም የቀጠራት አየር መንገዱ ሳይሆን ሠራተኛ የሚያቀርብ ተቋራጭ ነው። ውሏ በየዓመቱ ኦገስት ላይ ይታደሳል፤ መዝገቡ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያለበት ሰው ግን አይታደስለትም።

ዕቃው ያላማራት እንደሆነ ቢጫ ካርድ ትለጥፍበታለች። ካርዱ ላይ «ታግዷል፤ ይዘቱ ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም» የሚል ታትሟል፣ ከሥሩ ስም፣ ሰዓትና ፊርማ አለ። ደንቡ ቁርጥ ነው፦ ካርዱን የሚያነሳው የለጠፈው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ይዘቱና ወረቀቱ ሲገጥሙ። እኛ መቼም ኳስ ያሰከረን ሰዎች ነንና «ዳኛዋ መጣች!» እያልን እንስቅባታለን።

ማርች ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አሥራ አራት ጆንያ መጣ። ወረቀቱ «ኦሜና» ይላል። ኦሜና ከሐይቁ የሚወጣ፣ ጣት የማያክል ዓሣ ነው፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይሸጣል፤ ሽታው ባለቤቱን ቀድሞ ቤት ይገባል። መድረሻው ሩቅ ምሥራቅ ነው። ሁለት ጫኞች አንዱን ጆንያ ይዘው ሲያቃስቱ አዶዮ ሻይዋን አስቀመጠች።

«ቁሙ! ምንድን ነው የያዛችሁት?»

«ኦሜና ነዋ፣ ኛር ምቢታ።»

«ኦሜና ለሁለት? እናቴ አንድ ጆንያ ኦሜና በራሷ ላይ ተሸክማ ገበያ ትወጣ ነበር። ቁርስ አልበላችሁም ወይስ ዓሣው ድንጋይ ውጧል?»

ጎንበስ አለችና አሸተተች። የጆንያው አፍ ይሸታል፤ ጎኑ ግን ምንም የለውም። በጉልበቷ ገፋ አደረገችው። ኦሜና ሲገፉት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ይሄኛው ቀጭ ቀጭ አለ። ወዲያው ቢጫዋን አወጣች።

አለቃችን ባራሳ እየሮጠ መጣ። «አዶዮ፣ ወረቀቱ የተሟላ ነው! አውሮፕላኑ ሊዘጋ ነው!»

«ወረቀቱ ዓሣ ይላል ጌታዬ። ጆንያው ዓሣ አይልም።»

«ጆንያ ይናገራል እንዴ?»

«ለሚያውቀው ይናገራል። እርስዎ ከፈለጉ ይፈርሙ፤ ብዕሩ ይኸው።»

ባራሳ ብዕሩን አየው እንጂ አልነካውም። አውሮፕላኑ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ያለ ጆንያዎቹ ሄደ። የዱር እንስሳት ጠባቂዎች መጥተው ሲከፍቱት ከላይ አንድ ክንድ ኦሜና፣ ከሥሩ እስከ ታች የፓንጎሊን ቅርፊት ሆነ። ፓንጎሊን ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለል፣ ጉንዳን የሚበላ፣ ለቅርፊቱ ሲባል በድብቅ የሚገደል ምስኪን እንስሳ ነው። ስንቱ ተገድሎ ያን ሁሉ ጆንያ እንደሞላ ማሰብ ያማል። አዶዮ አንዷን ቅርፊት አንስታ «ይቺ እንኳ የግልገል ናት» አለችና መልሳ አስቀመጠቻት።

በሁለተኛው ቀን፣ በአየር መንገዱ አቤቱታ ተቋራጩ የጻፈው ደብዳቤ መጣላት። ምስጋና መስሎን ተሰበሰብን። «በረራ እንዲዘገይ ምክንያት በመሆንዎ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል» ይላል። ይዛው ወደ ባራሳ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ቅርፊቱን አላዩትም እንዴ?»

«አይቻለሁ። ደብዳቤው ግን ስለ አርባ ደቂቃው ነው፤ ስለ ቅርፊቱ አይደለም።»

ይህን ሲናገር ፊቱ ትንሽም አልቀላም። እኔ ስለሷ ተናደድኩ፤ ግን ወደ ፎርክሊፍቴ ተመለስኩ። እንጀራ ነው።

ጁን ላይ ቫለሪ የምትባል ልጅ ከላይኛው ፎቅ ወረደች፤ የአየር መንገዱ የማስታወቂያ ክፍል ሠራተኛ ናት። ክፉ ልጅ አይደለችም። ፎቶ አንሺ፣ ቀይ ባርኔጣና የአስተናጋጅ ሻርፕ ይዛ ነበር።

«ማማ አዶዮ፣ እርስዎ ጀግናችን ነዎት! ፎቶዎ በአሥር ከተማ ይሰቀላል። ለፊልሙ ደግሞ ይህቺን ብቻ ይበሉልን፦ ‹አየር መንገዴ የአውሬን ጠረን እንድለይ አሠለጠነኝ።›»

አዶዮ ባርኔጣውን አገላብጣ አየችው። «ልጄ፣ የአውሬ ጠረን አልሸተተኝም። የዓሣው ሽታ ነው የጠፋኝ።»

«ሐሳቡ ያው ነው እኮ፣ ማማ።»

«ያው አይደለም። ያሠለጠነችኝም እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ አውሮፕላን ሲያልፍ ዶሮዎቿን ታስገባ ነበር። አየር መንገድሽ የሰጠኝ ይሄን ነው።» ደብዳቤውን ከቢጫው ሰደርያዋ ኪስ አወጣች። «መጀመሪያ ይሄን አንሡልኝ። ከዚያ ባርኔጣም እጭናለሁ።»

ቫለሪ አንብባ ደነገጠች። «ይሄማ ስህተት ነው! እነግርልዎታለሁ። ፎቶውን ግን ዛሬ እናንሳ፣ ሰውየው ተከፍሎታል።»

ፎቶው ተነሳ። ደብዳቤው አልተነሳም። ነገ ዛሬ ሲባል ጁላይ አለቀ፤ ኦገስት ደረሰ፣ ውሏ ሊያበቃ አሥር ቀን ቀረው። እኔ የሠራተኞች ተወካይ ነኝና ምክር ቢጤ ሰጠኋት፤ ባስታወስኩት ቁጥር አፍራለሁ።

«ኛር ምቢታ፣ ፈገግ ብለሽ እለፊው። ፎቶሽ አሥር ከተማ ተሰቅሎ ማን ያባርርሻል?»

«ፎቶዬን ይሰቅላሉ፣ እኔን ያወርዳሉ» አለች። «አንተ የካምባ ሰው፣ እንጨት ቀርጾ ሰው ከሚያስመስል ሕዝብ ወጥተህ ፎቶና ሰው ተምታታብህ?»

የማስታወቂያው ምርቃት ቀን ጠዋት መጋዘኑ ታጥቦ ምንጣፍ ተነጠፈበት። እንግዶች፣ ጋዜጠኞች፣ ባለ ካሜራዎች መጡ። አሥር የእንጨት ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ውስጣቸው የአዶዮ ፎቶ ነው፤ ወደ አሥር ከተማ ሊላክ። የቫለሪ ሐሳብ ያማረ ነበር፦ ራሷ አዶዮ በካሜራ ፊት «ተቀብያለሁ» ብላ ትፈርማለች፣ እኔ በፎርክሊፍት አነሳዋለሁ፣ ሁሉም ያጨበጭባል።

አዶዮ ወረቀቱን ተቀበለችና እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብላ አነበበች። «ይዘት፦ የሠለጠነች የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፎቶግራፍ።» ከዚያ «ይከፈት» አለች።

ሰዉ ሳቀ፤ የዝግጅቱ አካል መስሎታል። ሳጥኑ ተከፈተ። ባርኔጣ ያደረገችው አዶዮ ከሳጥኑ ውስጥ ሰውን ቁልቁል ታያለች። የቆመችው አዶዮ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። ቢጫ ካርዷን አወጣችና ሳጥኑ ላይ ለጠፈች። ሰዓቷን አይታ ጻፈች፤ ፈረመች። ወደ ቀጣዩ ሳጥን አለፈች። አሥሩንም!

ባራሳ ጆሮዋ ሥር ተጠጋ። «አዶዮ፣ ዛሬ ቀልድ የለም!»

«ማን ቀለደ? ወረቀቱ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ይላል። ከፈትኩት፣ እኔ ነኝ ያለሁት። እኔ የአየር መንገዱ ሠራተኛ አይደለሁም። ወረቀቱ የሠለጠነች ይላል፤ ማንም አላሠለጠነኝም። ይዘቱ አይገጥምም ጌታዬ።»

አንዲት ጋዜጠኛ መቅጃዋን ዘርግታ «እውነት ጆንያዎቹን ያስቆሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ። የተሰጠኝም ይሄ ነው።» ደብዳቤውን ከኪሷ አውጥታ ከመጀመሪያው እስከ ማኅተሙ አነበበችው። «ሳጥኖቹን ስትልኩ ይሄንንም ከጎኑ አሽጉት። ያኔ እፈርማለሁ።»

ያጨበጨበ የለም። እኔ ግን ፎርክሊፍቴን አጠፋሁ። ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ሌሎቹ ሦስት ሾፌሮችም አጠፉ። አውሮፕላኑ ያን ቀን ያለ ሳጥኖቹ በረረ።

በሳምንቱ ተቋራጩ ቢሮ ጠሩን። የአየር መንገዱ ጠበቃም ነበር። አዶዮ ማንዳዚዋን፣ በዘይት የሚጠበሰውን ጣፋጭ ዳቦ፣ በሶፍት ጠቅልላ ይዛ መጥታ ነበር፣ ጠዋት ሳትበላ ወጥታ ነው። አንድ ወረቀት ገፉላት። «ደብዳቤው እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ውልዎም ይታደሳል» ይላል። እኔ ተመስገን ልል አፌን ከፈትኩ።

«እንዳልነበረ?» አለች አዶዮ። «ነበረ እንጂ! አምስት ወር እንቅልፍ ነስቶኛል። ‹ተሽሯል› በሉ።»

ጠበቃው «ልዩነቱ የቃል ነው፣ እመቤቴ» አላት።

«እንግዲያ ምን ቸገራችሁ፣ ጻፉት። ደግሞ አክሉበት፦ ዕቃ ማስቆም ጥፋት አይደለም፣ የተያዘው ዕቃ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ።»

«ንጹሕ ዕቃ አስቁመሽ በረራ ብታዘገዪስ?» አለ ባራሳ።

«ሁሌ ልክ የምሆነው እግዜር ብሆን ነው። መሳሳት የሚያስቀጣኝ ከሆነ ልቤ እያወቀ ዝም እላለሁ። ያኔ ግድግዳው ላይ የሰቀላችሁት ውሸት ነው።»

ጠበቃው ብዕሩን አስቀመጠ፤ ባራሳ ጣሪያውን አየ። ማንዳዚዋን ፈትታ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝና መብላት ጀመረች። ሳጥኖቹ መጋዘን ውስጥ ቢጫ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከሷ በቀር የሚያነሳው የለም፤ ደንቡን የጻፉት ደግሞ ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን ማንዳዚ ሳትጨርስ ጠበቃው ያለችውን መጻፍ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ የሳጥኖቹ ወረቀት ተስተካክሎ መጣ፤ አሥሩን ካርድ በእጇ አነሳች። ሳጥኖቹ ግን የትም አልሄዱም፤ አየር መንገዱ ፎቶዋን ጥሎ ባለ ቀይ ባርኔጣዋን ልጅ አመጣ። ቫለሪ ይቅርታ ልትጠይቅ ወርዳ ነበር፤ አዶዮ ሻይ ጋበዘቻት። አሁን በመንገደኞች መውጫ ስናልፍ ቀና ብላ «ይቺ ደግሞ ምን ሸተታት ይሆን?» ትላለች።

ኦክቶበር ላይ ዘጠኝ ጆንያ ኦሜና መጣ። አዶዮ ጎኑን አሸተተች፤ ሽታው ቀነሰባት፤ ፊቷን አኮማተረች፤ ቢጫዋን ለጠፈች። ጠባቂዎቹ መጥተው ዘጠኙንም ዘረገፉ። ኦሜና ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ኦሜና፣ አንዲት ቅርፊት የለበትም። ባለ ዕቃው ጮኸ። አውሮፕላኑ ሃምሳ ደቂቃ ዘገየ። ባራሳ ብዕሩን ይዞ መጥቶ ፊቷ ቆመ፣ ሁላችንም ሥራ አቁመን አየነው።

«ተሳስቻለሁ» አለችው አዶዮ፣ ዓይኑን እያየች። ካርዶቹን አነሳችና ፈረመች።

ባራሳ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ደብዳቤ አልመጣም። እስካሁንም አልመጣም።