የባለታክሲው ፊልትሮ

የመኪናው ቀለም እንደ ድንች ቢላጥ ባለታክሲው ግድ የለውም፤ የራሱም ኮት ክርኑ ላይ ተበልቷል። በየሳምንቱ ግን ከመለዋወጫ ሱቄ ደጃፍ ይቆምና ከፊት ወንበሩ ትይዩ ያለውን የክሩስኮቶ መሳቢያ ፈቶ፣ የውስጥ አየር ማጣሪያ ፊልትሮውን ያወጣል። አፍንጫውን በመሀረብ ሸፍኖ ጎማው ላይ ሲያራግፈው ነጭ ብናኝ ቡን ይላል።

«ወንድሜ፣ የሌላው መኪና ፊልትሮ ጥቁር ነው። ያንተ ምነው ነጣ?» አልኩት።

«ዱቄት ነው እትዬ። ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ነው የምትሠራው፤ አመሻሽ ላይ ከነሥራ ልብሷ መኪናዬ ውስጥ ትገባለች። ቀኑን ሙሉ ዱቄት ስትውጥ ውላ፣ ቤት እስክንደርስ እንኳ ደህና አየር ትተንፍስ ብዬ ነው።»

ቤታቸው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን ከተማውን ዞሮ ነው የሚያደርሳት።