ሁለት ቀጫጭን ሽቦ

ከቀዶ ጥገና ክፍል የወሰዱኝ ጓንቴን ሳላወልቅ ነው። አቃቂ፣ ከሐዲዱ አጠገብ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ከሌሎች ሴቶች ጋር ዘጉብኝ። ባቡር ባለፈ ቁጥር ግድግዳው አቧራውን ያራግፍብን ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ «አድኃሪት» እያለ የሚጠራኝ ዘበኛ ሴት ልጁን ታቅፎ በሩን ከፈተ። ከቆመ ፉርጎ ላይ ወድቃ ክርኗ ተሰብሯል፤ ወጌሻ በቀርከሃ ጠፍሮ አስሮታል።

«እስቲ ተመልከቻት። ሌሊቱን ስትጮኽ አድራ አሁን ዝም አለች። ተሽሏት ይሆን?»

ጣቶቿ አብጠዋል፤ ቀዝቅዘዋል።

«አልተሻላትም፤ እጇ እየደነዘዘ ነው። ውኃ አምጣ፤ ሳልታጠብ አልነካትም።»

በሩ ላይ የቆመው ባልደረባው ሳቀ። «እመቤቲቱ መታጠብ አማራት!»

«አንተም ብትታጠብ አይጎዳህም» አለችው አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ። ለመጠጥ ያስቀመጥነውን ውኃ አነሣች። «እንኪ እህቴ፣ ጥማቱን ለምደነዋል።»

እስከ ክርኔ ታጠብኩ።

«ማሰሪያውን ፍታው» አልኩት አባትየውን።

«ካልጠበቀ አይገጥምም ብሏል እኮ ወጌሻው።»

«ከማሰሪያውና ከእጇ አንዱን ምረጥ።»

ጎንበስ ብሎ ፈታው። የታጠፈውን ክንዷን በዝግታ ዘርጋ አድርጌ የእጇን አንጓ ያዝኩ። የደም ሥሯ ትርታ ቆይቶ ተመለሰ። ልጅቷ ጮኸች። አባቷ ደነገጠ፤ እኔ ግን የጠበቅሁት ያንኑ ጩኸት ነበር።

«አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት። አጥንቱን ወደ ቦታው መልሶ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ማያያዝ ነው። አለዚያ ጠማማ ሆኖ ይገጥማል።»

«ትናንት ወስጃት ነበር። ‹ይህን የምትሠራው ሐኪም ታስራለች› አሉኝ። ወጌሻ ዘንድ የሄድኩት ለዚህ ነው።»

የበሩ ቁልፍ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለታችንም አየነው።

ልጅቷን እኔ ዘንድ ትቶ፣ ለግማሽ ሰዓት እንድወጣ አለቃውን ሊያስፈቅድ ሄደ። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ነጠላዬን ቀድጄ ክንዷን ደረቷ ላይ አላልቼ አሰርኩት። ከዚያ በላይ የማደርገው አልነበረም።

«ምን ላምጣልዎ?» አለኝ። «እርስዎ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ለሴቶቹ ውኃቸውን መልስላቸው።»

ዛሬ በዚያ ሐዲድ ባቡር አያልፍም። ልጅቷ ሳሪስ ገበያ ጎመን ትሸጣለች፤ ስታየኝ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ትጨብጠኛለች። ጣቶቿ ብርቱዎች ናቸው። አንደኛው ክንዷ ግን ወደ ጎን ጠሞ ቀርቷል፤ እኔን ለመጨበጥ ትከሻዋን ማዘንበል አለባት። የሚያውቁን ሰዎች እጇን እንዳዳንኩላት ይናገራሉ። እኔ የማየው ክርኗን ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃኝ ነበር።